እኔን ባይዋ

«ሰባት ጣሪያ» የሚባለው ጌም እስኪወጣ ቀን ከሚቆጥሩት ሰዎች መካከል በሕይወቷ ጌም ነክታ የማታውቅ ሴት ካለች አሰለፈች ፈንታ ናት። ዕድሜዋ አርባ አንድ፣ ሥራዋ ጽዳት፣ አዳሯ ዱባይ፣ አል ቁሰይስ ውስጥ ስድስት ሴቶች በሚተኙበት ክፍል፣ የተደራራቢው አልጋ ታችኛው ላይ ነው። ራስጌዋ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን በእስክሪብቶ ቁጥር የተደረደረበት ወረቀት ለጥፋ በየቀኑ አንዱን ቁጥር ትሰርዛለች። የክፍል ጓደኞቿ አገር ቤት የምትገባበትን ቀን የምትቆጥር ይመስላቸዋል። የምትቆጥረው ግን ጌሙ የሚወጣበትን ቀን ነው። ብትነግራቸው «ሙቀቱ ራሷ ላይ ወጣ» እንደሚሏት ስለምታውቅ አልነገረቻቸውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከታናሽ እህቷ ከሲምረት ነው። ሁለቱ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ተከታትለው መጥተው በአንድ የጽዳት ኩባንያ የተቀጠሩ፣ ዱባይ ማሪና አንድ ረጅም ሕንፃ ውስጥ አብረው የሚሠሩ ነበሩ። አሰለፈች የመግቢያውን አዳራሽና መጸዳጃ ቤቶቹን ትይዛለች፤ ሲምረት ዐሥራ አራተኛውን ወለል። በጠባይ ግን አንድ ማህፀን ያወጣቸው አይመስሉም። አሰለፈች አንገቷን ደፍታ ገብታ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። የሲምረት አፍ ግን ሥራ አይፈታም፤ ከሊፍቱ ጋር ሳይቀር ታወራለች። ሰው ሲያነጥስ «ይማርህ»፣ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» ነው። ፊሊፒኖ ይሁን ፓኪስታናዊ፣ ዐረብ ይሁን ፈረንጅ ለእሷ ልዩነት የለውም፤ እግሩ ከተጠለፈ «እኔን!» ትለዋለች። ሰዎቹም ምን እንዳለቻቸው ባይገባቸውም ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ይህን ከእናቷ ከወይዘሮ የሺመቤት ነው የወረሰችው። የእሳቸው «እኔን» ከጓሮ ተነሥቶ አስፋልት ድረስ ይሰማ ነበር።

አምና በሐምሌ አሰለፈች ራሷ በወለወለችው እብነ በረድ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ሲምረት «እኔን! እኔን! እኔን!» እያለች ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘላ ወረደች፤ እህቷን ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና እግሯን በሻሽ አሰረችላት።

«አንቺ ተኚ፤ የአንቺንም ሹግል፣ የታቹን ሥራ፣ እኔ እሸፍናለሁ» አለቻት።

«ሁለቱን እንዴት አድርገሽ?»

«ያላ፣ ዝም በይ! ሰባት ቀን ምን አላት?»

ሰባት ቀን አልደረሰም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ወጥታ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ በዚያ ትንፋሽ በሚቆርጥ ሙቀት፣ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሐኪሞቹ የልብ ቫልቭ ነው፣ ከልጅነቷ የነበረ ነው፣ ዛሬም ባይሆን አንድ ቀን አይቀርም ነበር አሉ። አሰለፈች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታመላልሰው ሐኪሞቹ ያሉትን አይደለም። እኔ ወደቅኩ፤ እሷ «እኔን» አለች፤ ተሰማላት። ከዚህ ሌላ ምክንያት አይታያትም። ይህን ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተነፈሰችም፤ በአፏ ካወጣችው እውነት ይሆናል ብላ ትፈራለች።

የሲምረት ስልክ ከሬሳዋ ጋር አገር ቤት ተላከ። የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አንድ የአጎት ልጅ ደሴ ወስዶ አስከፈተው። ተከፈተ፤ ግን ባዶውን። ባለሱቁ ፎርማት አድርጎ «በሉ አዲስ ሆነላችሁ» ብሎ እንደ ውለታ አስረከባቸው። አሰለፈች ስልክ ላይ የነበሩት የሲምረት የድምፅ መልእክቶች ደግሞ ከአርባዋ በኋላ፣ ስልኩ ከኪሷ ሾልኮ መወልወያ ባልዲ ውስጥ ሲገባ አብረው ሰመጡ። እጇን እስከ ክርኗ ከትታ አወጣችው፤ ሩዝ ውስጥ ቀበረችው፤ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። አልሆነም።

ወይዘሮ የሺመቤት ዐይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ የሲምረትን ፎቶ በትልቁ አሠርቶ፣ በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳቸውን ሞላው። እሳቸው ግን ስልክ በተደወለ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«ፎቶውን ምን ላርገው ልጄ? እሱ ለእናንተ ነው። ድምጧን አምጪልኝ፤ አንድ ቃል ትሁን። ድምጧ እየጠፋብኝ ነው አሰሉዬ። ትናንት ላስበው ብል የጎረቤት ልጅ ድምፅ ሆነብኝ።»

«አብሽሪ እማዬ፤ ይዤልሽ እመጣለሁ» ትላቸዋለች አሰለፈች።

ከየት እንደምታመጣው አታውቅም። ይባስ ብሎ ድምፁ ከእሷም እየራቀ ነበር። ሲምረት የምትለውን ሁሉ ታስታውሳለች፤ ቃሉ አለ፣ ሳቁ አለ፣ ድምፁ ግን የለም። አንዳንዴ ሥራ ላይ ወለሉን እየወለወለች «እኔን» ብላ በራሷ አፍ ትሞክረዋለች። የራሷ ወፍራም ድምፅ ይወጣል።

በጥር አንድ እሑድ ሻርጃ ካለው ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ ወጥታ ጫማዋን ስታጠልቅ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ሰላም አላት። ሱራፌል ነው፤ ሲምረት የምታጸዳው ወለል ላይ ባለች ትንሽ የጌም ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ የነበረ የአዲስ አበባ ልጅ። አምና በሰኔ ቢሮው ሠራተኛ ሲቀንስ ወጥቶ አጅማን ከተማ ገብቷል።

«እትዬ አሰለፈች! ሲምረትስ? ዛሬም እንቅልፍ ጣላት?» አለና ሳቀ።

አልሰማም ነበር። ስትነግረው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ቀና ሲል ዐይኑ ቀልቷል።

«ድምጿ እኮ አለ» አላት።

«የት?»

«ጌሙ ውስጥ።»

ከዚያ እየተንተባተበ አስረዳት። ጌሙ አንድ እንስራ የተሸከመ ትንሽ ሰውዬ ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ፣ እየፈረሰ የሚሄድ ድልድይ የሚሻገርበት ነው። ሆን ተብሎ አስቸጋሪ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አንዱን ጣሪያ ለማለፍ ቀኑን ሙሉ ይወድቁ ነበር። ሲምረት ጠረጴዛ ስትወለውል ዐይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ሰውዬው ገደል በገባ ቁጥር መወልወያዋን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኔን!» ትላለች። ዐብዱልአዚዝ የሚባለው የቢሮው ባለቤት ይህን ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ። ድምፅ መቅጃዋ ጠባብ ክፍል አስገብቶ ሃያ ጊዜ አስባላት፤ አንዷን መርጠው ሰውዬው ሲወድቅ እንድትሰማ አደረጓት።

«‹ምን ማለት ነው?› ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ‹ሚ› ማለት ነው፣ ‹እኔ› ማለት ነው ብዬው አረፍኩ» አለ ሱራፌል።

«‹እኔን› መች ‹እኔ› ማለት ሆነ?»

«ዋላሂ ምን ብዬ ላስረዳው እትዬ? እንግሊዝኛው የለውም እኮ።»

አሰለፈች የሸሚዙን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። አሁኑኑ ድምፁን አምጣልኝ አለችው። እሱ ከወጣ ሰባት ወሩ ነው፤ የቀሩትን ባልደረቦቹን ለመነላት፤ ጌሙ ሳይወጣ አንዲት ነገር ከቢሮ እንዳይወጣ ፈርመዋልና እንጀራችንን አታሳጣን አሉት። ሚያዝያ ላይ ሲወጣ ግን የማንም ነው፣ ከፍቶ ማየት ብቻ ነው አላት።

«ሰውዬው ቶሎ ይወድቃል?» አለችው በጭንቀት።

«ኧረ እትዬ፣ ሌላ ሥራ የለውም!»

ወረቀቱን የለጠፈችው ያን ዕለት ነው። ሰውዬውንም «ሚስኪኑ» ብላ ስም አወጣችለት። ሜትሮ ውስጥ ወጣቶች ስልካቸው ላይ ጎንበስ ብለው ጌም ሲጫወቱ ስታይ ጠጋ ብላ ታያለች። እንደ እህቷ «እኔን» አይወጣትም፤ ግን ሰው የሚወድቅበት ጌም ሁሉ ሲምረት ያለችበት ይመስላት ነበር።

ሚያዝያ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ሱራፌል ደወለ። ጌሙ ተራዝሟል፤ ወደ ግንቦት መጨረሻ። አሰለፈች ስልኩን ዘጋችበት። ማታውን ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው እንደገና ቁጥር ደረደረች። በዚያው ሳምንት ደግሞ የጽዳት ኩባንያው የሕንፃውን ሥራ በሌላ ኩባንያ ተነጠቀና የሠራተኞቹን ቪዛ ሰረዘ። የአገር ቤት ትኬቷ የተቆረጠው ለግንቦት አሥራ ዘጠኝ፣ ለረቡዕ ነው፤ ከሻርጃ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ጌሙ የሚወጣውም በዚያው ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሁለቱ ቀኖች በአንድ ላይ ተጋጭተው ቆሙ። ጌሙ አንድ ቀን ቢራዘም ባዶ እጇን ነው እናቷ ፊት የምትቆመው።

ከዚያም የባሰ መጣ። ቢሮው ጌሙን ለተመረጡ መቶ ሰዎች ለሙከራ ሰጥቶ ኖሮ፣ እነሱ የጻፉትን ሱራፌል አነበበላት። ጌሙን አመስግነዋል፤ ገደሉን፣ ድልድዩን፣ ችግሩን ወደውታል። ያልወደዱት አንድ ነገር ነው። «በሞትን ቁጥር የምትጮኸውን ሴትዮ አጥፉልን» ይላል አንዱ። «በቀን ሦስት መቶ ጊዜ ሰማኋት፣ አሳበደችኝ» ይላል ሌላው። ቢሮውም «አስተያየታችሁን ተቀብለናል» ብሎ መልሷል።

«ተቀብለናል ማለት ምን ማለት ነው?» አለች አሰለፈች።

ሱራፌል መልሱን ደግሞ አነበበላት።

«ሊያጠፏት ነው?»

«አላውቅም እትዬ።»

ጻፍልኝ አለችው። እሷ በአማርኛ እየነገረችው እሱ እዚያው አስተያየቶቹ ሥር በእንግሊዝኛ ጻፈ፦ «እባካችሁ አታጥፏት። እህቴ ናት። እየጮኸች አይደለም፤ ስለ ወደቀው እያዘነች ነው። ሞታለች። እናቴ ዐይነ ስውር ናት፣ ይህን ድምፅ ትጠብቃለች።» በማግስቱ መልስ አለ ወይ ብላ ደወለች። የመጣው መልስ ከቢሮው አልነበረም። ከተጫዋቾቹ አንዱ «መጀመሪያ መዝለል ተማሪ» ብሎ ስቆባታል። ሱራፌል ይህን ሊደብቃት ፈልጎ ነበር፤ አላስቻለውምና ነገራት።

ስለዚህ ራሷ ሄደች። የጽዳት ልብሷ ስለተወሰደባት የቅዳሴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዓመታት ወለሉን ያበራችው ሕንፃ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆመች። ካርዷ አይከፍትም። የጥበቃው ሙሄ የአገሯ፣ የወረባቦ ልጅ ነው፤ ሲምረትንም ያውቃት ነበር።

«እታለም፣ ላስገባሽ ብል ካሜራው ያየኛል» አላት በሹክሹክታ። «ደግሞም ባለቤቱ የለም፤ ጌሙን ሊያሳይ ውጭ አገር ሄዷል። ከወር በፊት አይመጣም።»

«የሚሠሩት ልጆች አሉ አይደል? አንዱን ጥራልኝ።»

ሙሄ ደወለ። «ሥራ ላይ ነን» አሉት። ደግሞ ደወለ። ስልኩን አላነሱትም። አሰለፈች እህቷ ባሰረችላት እግር ላይ ተደግፋ ሁለት ሰዓት ቆመች። የወደቀችበት እብነ በረድ በመስተዋቱ ውስጥ ይታያታል፤ ሌላ ሴት ትወለውለዋለች። በመጨረሻ አልቻለችም፤ ከሰው ፊት አልቅሳ የማታውቀው አሰለፈች በሩ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሙሄ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆመ።

ረቡዕ ደረሰ። ሻንጣዋን ይዛ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አጅማን፣ ሱራፌልና ሚስቱ ሮማን የሚኖሩባት አንድ ክፍል ገባች። ሮማን ሆቴል የምትሠራ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት፤ ምሳ ሠርታ ጠበቀቻት። ማንም ሳይነካው ቀዘቀዘ። ስምንት ሰዓት ላይ ጌሙ ወጣ። ወጣ ማለት ግን ተከፈተ ማለት አይደለም። ከኢንተርኔት መውረድ አለበት፤ አጅማን ውስጥ ያለ ወጣት ሁሉ በዚያች ደቂቃ የተነሣ ይመስል መስመሩ ተጨናንቆ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር አልንቀሳቀስ አለች። ስምንት ተኩል። ዘጠኝ ሰዓት። አሰለፈች መስመሯ ላይ አፍጥጣ ዐይኗን አልከደነችም። ከዐሥር ሰዓት በፊት ታክሲ ካልያዘች አውሮፕላኑ ጥሏት ይሄዳል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ተከፈተ። ሱራፌል መጫወቻውን ያዘ፤ ሚስኪኑ እንስራውን ተሸክሞ ብቅ አለና መሮጥ ጀመረ። የመጀመሪያውን ገደል ዘለለው። ሁለተኛውንም። ሁለት ዓመት የሠራበት እጅ ነው፣ መውደቅ ረስቷል።

«ውደቅ እንጂ!» አለች አሰለፈች።

«ውደቅበት ሱሬ! ምን ታሳየናለህ!» ብላ ሮማን ጀርባውን መታችው።

ሚስኪኑ ገደል ገባ። ድም የሚል የከበሮ ድምፅ ተሰማ፤ ሌላ ምንም የለም። ሱራፌል ድምፁን ጨመረና ደግሞ ጣለው። ድም። ሦስተኛ ጣለው። ድም ብቻ።

አሰለፈች ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ቆመች። «አጠፏት» አለች። «አጠፏት፣ ለእናቴ ምን ልበላት?»

ሱራፌል የድምፅ ማስተካከያውን ከፈተ። የሙዚቃ ድምፅ፣ የእርምጃ ድምፅ፣ የነፋስ ድምፅ፣ እያለ ወረደ፤ «ሴት» የሚል የለም፣ «ጩኸት» የሚል የለም። ወጣ፤ ደግሞ ገብቶ ፈለገ። ሊዘጋው ሲል ሮማን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ዜሮ የሆነው፣ ‹ሚ› የሚለው ምንድን ነው?»

«እሱ የተጫዋቹ የራሱ ድምፅ ይሆናል፣ ማይክ ምናምን...» አለና ቀጥ አለ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «እኔ ነኝ! በስመ አብ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ብዬ የተረጎምኩት!»

ከዜሮ አንሥቶ እስከ መጨረሻው ገፋው። ሚስኪኑ ሮጠ፣ ወደቀ።

«እኔን!»

ክፍሉ ውስጥ ሲምረት ነበረች። ያቺው ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የምትሰበር ድምፅ፣ ቸኩላ፣ መወልወያዋን ጥላ እንደምትመጣ። አሰለፈች ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሮማን ቶሎ ብላ የሦስቱንም ስልክ ደርድራ እንዲቀዱ አደረገች፤ አንዱ ባልዲ ቢገባ ሌላው እንዲተርፍ።

«አንቺ ያዢው እትዬ» አለ ሱራፌል መጫወቻውን እጇ ላይ አድርጎ። «ይሄኛው መሮጫ፣ ይሄኛው መዝለያ።»

እሷ የትኛውም አልሆነላትም። ሚስኪኑ ወደቀ። «እኔን!» አሰለፈች ሳቀች፤ ከሳቀች ዓመት ሊሆናት ነው። እንደገና ወደቀ። «እኔን!» ደግሞ ወደቀ። «እኔን!» በአምስተኛው ላይ ሳቋ ቆመ። እሷ በጣለችው ቁጥር ሲምረት እየሮጠች ትመጣለች፤ አሁንም በእኔ ይሁን ትላለች፤ አሁንም እሺ የሚላት እንዳለ አታውቅም። አሰለፈች መጫወቻውን ጨብጣ ሚስኪኑን ላለመጣል ታገለች። ጥርሷን ነክሳ፣ ላብ በላብ ሆና፣ እንዳይወድቅ፣ እህቷ ዝም እንድትል፣ እንድታርፍ። አንድ ገደል ዘለለች። ሁለተኛው በላት።

«እኔን!»

«ኸላስ፣ በቃ» አለች። «አታስወድቁት ከእንግዲህ።»

ሱራፌል ሰዓቱን አየ። ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ነው። ታክሲው በር ላይ ደርሷል፤ ሮማን ሻንጣውን ይዛ ልትወጣ ተነሣች። አሰለፈች ግን ስልኳን አወጣች። ቅጂውንም አውሮፕላኑንም አላመነችም፤ የያዘችው ሁሉ እንዴት እንደሚጠፋባት አይታለች። አንድ ጊዜ፣ አሁኑኑ፣ በቀጥታ ይሰማ። ደውላ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ያዘች፤ በሌላ እጇ ሚስኪኑን ወደ ገደሉ ላከችው። ለእናቷ ምን ብላ እንደምታስረዳ ገና አላሰበችም ነበር።

«ሃሎ?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት ከሐይቅ። «ሃሎ፣ አሰሉ?»

ሚስኪኑ ወደቀ።

«እኔን!»

ከስልኩ ወዲያ ማዶ አንድ ነገር ሲገለበጥ ተሰማ፤ አሮጊቷ ከመቀመጫቸው ብድግ ያሉ ይመስላል።

«ሲምረትዬ!» አሉ፤ መሞቷንም፣ ዓመቷ መቃረቡንም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ ረስተው። «እኔን ልጄ! ማን ወደቀ?»

አሰለፈች እነዚያን ሁሉ ወራት ለማንም ያልተነፈሰችው ነገር በዚያች ሰዓት ከአፏ ወጣ።

«እኔ ነኝ እማዬ» አለች። «የወደቅኩትስ እኔ ነበርኩ።»